ያልተጠጣ ኮዳ

ኢንጂነር ሪሃብ ከቤቷ ውጪ ውሃ አትጠጣም። ለቅሶ ቤት ቢያቀርቡላት፣ ሰርግ ላይ ቢቀዱላት፣ የዘርቃ ከተማ ፀሐይ አስፋልቱን ቢያቀልጠው፣ ብርጭቆውን ተቀብላ «አላህ ይስጥልኝ» ትልና ከንፈሯን ሳታስነካ መልሳ ታስቀምጠዋለች። አማቷ ኩራት ነው ይሉታል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ የሰው ዓይን ትፈራለች እያሉ ያሟታል። ልጇ ገይስ ደግሞ «እናቴን ግመል ናት የወለደቻት» እያለ ይስቅባታል። ኩራትም ፍርሃትም አይደለም፤ ትምህርት ቤት ያስተማራት ነው።

ዘርቃ ውስጥ የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። በዚያች ቀን ሰው ሁሉ ያጥባል፣ ይታጠባል፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ ይሞላል፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ሳምንት እያብቃቃ ይኖራል። ቤተሰብ ያብቃቃል። የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ግን ምኑን ከምኑ ያብቃቃው? ሳምንቱ ሳይጋመስ ሮቶው ይደርቃል፤ ያኔ የጽዳት ሠራተኛዋ ሽንት ቤቱ እንዳይሸት በሩን ትቆልፍና ቁልፉን ኪሷ ትከታለች። ልጆቹም ከፊደል በፊት አንድ ነገር ይማራሉ፤ አለመጠጣትን። ትንሿ ሪሃብ እናቷ በየጠዋቱ የምትሞላላትን ኮዳ ሳትነካው ውላ ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ዳር ካለው ወይራ ሥር ትደፋዋለች። እናቷ ባዶ ኮዳ ስታይ ደስ ይላታል። ያ ወይራ በሰፈሩ ተወዳዳሪ አልነበረውም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ኩላሊቷ ታመመ። ሐኪሙ «ይህች ልጅ ውሃ አትጠጣም እንዴ?» ብሎ ሲቆጣ እናቷ «በእጄ እየሞላሁላት!» ብላ ማለች። ሪሃብስ ለወንድ ሐኪም፣ ያውም አባቷ አጠገቧ ቆሞ፣ ሽንቴን ይዤ እውላለሁ ብላ እንዴት ትናገር? ትኩሳቱ እስኪለቃት አልጋ ላይ ተኝታ ጣሪያውን እያየች ተናደደች። በማን እንደተናደደች ያን ጊዜ አላወቀችም። ንዴቱ ግን አብሯት አደገ፣ አብሯት ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አብሯት ተመረቀ።

ዋና ከተማው አማን ውስጥ የሕንፃ ደንብ በሚወጣበት መሥሪያ ቤት ስትቀጠር በማን እንደተናደደች አወቀች። ሰዎቹ እዚያው ተሰብስበው ሻይ ሲጠጡ አገኘቻቸው።

የሰዎቹ ኮሚቴ የተቋቋመው መኖሪያ ላልሆኑ ሕንፃዎች ደረጃ እንዲያወጣ ነው። ከትምህርት ቤት፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታል፣ ከቢሮ የሚወጣ የእጅና የፊት እጣቢ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጠፋ፣ ለብቻው ተጠራቅሞና ተጣርቶ ዳግም እንዲሠራ የሚያዝ ደንብ። የሪሃብ ሐሳብ አጭር ነበር። ልጆች እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ለሰላት ውዱእ ያደርጋሉ፤ ያ ውሃ ተጣርቶ ሽንት ቤቱ ይታጠብበት፤ በሩም አይቆለፍ። ለዚህች ሐሳብ ፀጉሯ እስኪሸብት ተከራከረች። ስብሰባው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነበር።

ሊቀመንበሩ ዶክተር ሙንዚር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ድምፃቸው ለስላሳ፣ ከረባታቸው የተስተካከለ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። አዳምጠው ሲያበቁ፣ እንደ አገሩ ወግ በልጇ ስም «ኡም ገይስ»፣ የገይስ እናት፣ እያሉ ያንኑ ይደግማሉ።

«ኡም ገይስ፣ እጣቢ ለአትክልት ይሁን። ሽንት ቤት ውስጥ ምን ዶለው?»

«ዶክተር፣ የትምህርት ቤቶቻችን ግቢ ሲሚንቶ ነው። ምኑን ላጠጣው? የባንዲራውን እንጨት?»

ሰው ይስቃል። እሳቸውም ይስቃሉ። ከዚያ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል ይባላል፤ የዶክተሩ ልጆች የተማሩበት የግል ትምህርት ቤት ቦቴ በየቀኑ ውሃ ይገለብጥለታል።

በስንት ልመና አንድ ትምህርት ቤት ለሙከራ ተፈቀደላት፤ ዘርቃ ውስጥ ያለው የረውዳ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት። ፈቃዱ እንዳይነጠቅ ፈርታ ተቻኮለች። ደንቡን እንደ አዲስ ለመጻፍ ጊዜ የለም ብላ ከውጭ አገር የመጣውን የደንብ መጽሐፍ ቁጭ ብላ ተረጎመችው፤ የቧንቧው ውፍረት፣ የማጣሪያው አሸዋ፣ አንድም ሳይቀር። መጽሐፉ ሰው እንዳይሳሳት የተጣራው እጣቢ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበት ይላል፤ ጨመረችበት። የተጣራው ከሚጠራቀምበት ከሁለተኛው ሮቶ የሚወርደው ውሃ ሰማይ መሰለ። በምረቃው ቀን ሪባን ተቆረጠ፣ ቴምር ታደለ፣ ዶክተር ሙንዚርም ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሡ። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ከዲሬክተሯ ከኢልሃም መሳቢያ ገብቶ ተረሳ። ሪሃብ በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ንዴት ቀሏት አያውቅም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ ጠዋት ኢልሃም ደወለች።

«ነይ» አለቻት፤ ሰላምታ የለ ምን የለ። «አሁኑኑ ነይ። እናቶቹ ቢሮዬን ሞልተውታል።»

ስትደርስ አንዲት አጭር ሴትዮ የአንደኛ ክፍል ልጇን እጅ ይዛ መሐል ቆማለች። ልጅቱ ሲሊን ትባላለች። እናቷ የሲሊንን ነጭ ካልሲ አውልቃ እግሯን ለሪሃብ አነሣችላት። ጣቶቿ መሐል ለመሐል ሰማያዊ ናቸው፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሽፍታ ወጥቷል።

«ይሄ ምንድነው፣ ኢንጂነር? ልጄን ትምህርት ቤት ነው የላክኋት ወይስ ቀለም ቤት?»

«ሲሊንዬ፣ ይሄን ውሃ ከየት አገኘሽው?» አለች ሪሃብ ጎንበስ ብላ።

«ከጎማው» አለች ልጅቱ። «የመድኃኒት ውሃ ነዋ። ትልልቆቹ እኮ ከነጩ ይበልጣል ብለዋል። ሲንኩ ጋ ሰልፍ ስለነበረ በእሱ ውዱእ አደረግሁ።»

ሪሃብ ሽንት ቤት ገባች። በዚህ አገር ሽንት ቤት ሁሉ ከመቀመጫው አጠገብ የመታጠቢያ ጎማ አለ፤ ያለ እሱ ሰው ጸዳሁ አይልም፣ ሰላትም አይቆምም። ጎማውን አንሥታ ተጫነችው። ሰማያዊ ውሃ ፊን ብሎ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች፤ ሰማያዊ። ወደ ሦስተኛው፤ ሰማያዊ። ስምንት መቶ ልጃገረድ ስንት ሳምንት ሙሉ በእጣቢ ታጥባለች። ደሟ ፈላ።

ቧንቧውን የዘረጋው አቡ ሹክሪ ሲጠራ ቡና ቤት ካርታ ይጫወት ነበርና እየተነጫነጨ መጣ።

«ጎማውን ከሽንት ቤቱ የውሃ ሳጥን መስመር ላይ ነው የቀጠልከው?»

«ታዲያ ከየት ልቀጥለው ኖሯል?»

«በሰማያዊው ውሃ ልጆቹን አጠብካቸው እኮ!»

«እህቴ፣ አትጩኺብኝ። እኔ ለሳጥኑ ቧንቧ አስገባ ተባልሁ፣ አስገባሁ። ጎማ ሁልጊዜ ከሳጥኑ ቧንቧ ላይ በቲ መገጣጠሚያ ነው የሚወጣው። አባቴም እንደዚያ ነው የሚሠራው። ያንቺ ቤት ከየት ነው የወጣው? ሂጂና እዪው። ጎማውን ከሌላ አምጣ የሚል ወረቀትሽ ላይ ካለ አሳዪኝና ጢሜን ላጪኝ።»

ሪሃብ ወረቀቷን አገላበጠች። ወረቀቱ ላይ አልነበረም። መጽሐፉ ስለ ጎማ አንድ ቃል አይናገርም፤ መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች በወረቀት ነው የሚጠርጉት። ጎማ የላቸውም፣ ስለ ጎማ ለምን ይጻፉ? እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በጎማ ስትታጠብ ኖራ፣ ስትተረጉም የገዛ ሽንት ቤቷን ረሳችው። በአቡ ሹክሪ ልትቆጣ የመጣችው ሴት በራሷ ተቆጥታ ወደ አማን ተመለሰች፤ በራስ መቆጣት ደግሞ የሚሰድቡት ሰው ስለሌለበት ከሁሉ ይከፋል።

ሽፍታው በቅባት ለቀቀ፤ ከዚያ የባሰ የደረሰባት ልጅ አልነበረችም። ወሬው ግን አማን ደረሰ። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። ስብሰባው ላይ ሁሉም ያለ የሌለውን አወረደባት፤ ዶክተር ሙንዚር ብቻ አልተቆጡም።

«ይህ ማንም ላይ የሚደርስ ስህተት ነው» አሉ በዚያ ለስላሳ ድምፅ። «ትምህርቱን እንውሰድ። ሆቴሎችና ቢሮዎች ደረጃው ውስጥ ይቆዩ። ትምህርት ቤቶችን ለጊዜው እናውጣቸው። ሕፃናት ናቸው።»

«ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?»

«ባለሙያዎቻችን እስኪሠለጥኑ።»

«ሆቴሉን የሚሠራውም አቡ ሹክሪ እኮ ነው፣ ዶክተር።»

«ኡም ገይስ፣» አሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ «የሕፃናት ገላ ላይ ሌላ ሙከራ እንዲደረግ ይፈልጋሉ?»

ያ ሰማያዊ እግር ፊቷ ድቅን አለ። ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

በማግስቱ ረውዳ ስትሄድ ሰማያዊው ሮቶ ተዘግቶ፣ ቁልፉም ከኢልሃም መሳቢያ ወጥቶ በሩ ተከርችሟል። የሲሊን እናት ግቢው በር ላይ አገኘቻት። ሪሃብ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ ቀደመቻት።

«ሰማያዊውን አቁሙ አልን እንጂ በሩን ቆልፉ ያላችሁ ማነው? ትናንት ልጄ መንገድ ላይ አመለጣት። በሰው ፊት። ዛሬ አልሄድም ብላ ቤት አለቀሰች። ያበላሻችሁትን ታስተካክላላችሁ እንጂ ትዘጉታላችሁ? ልብስ ቢቀደድ ይሰፋል፤ ልጅ ራቁቷን ትሄዳለች?»

ሪሃብ ይቅርታውን ዋጠችው። ሴትዮዋ ይቅርታ አልጠየቀቻትም፤ ሥራ ነው የጠየቀቻት።

ቢሮዋ ተመልሳ አንቀጹን ጻፈች፤ አሁን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሽንት ቤት። የመታጠቢያ ጎማ የራሱ ቧንቧ ይኑረው፤ ቧንቧውም ንጹሕ ውሃ ካለበት ሮቶ በቀጥታ፣ ከሳጥኑ ትይዩ ባለው ግድግዳ ይውረድ። የሳጥኑ መግጠሚያ ጎማው ፈጽሞ የማይገባበት መጠን ይሁን፤ አቡ ሹክሪ ቢፈልግም እንዳይችል። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት በሳጥኑ መስመር ቀለም ይፍሰስና በጎማው የወጣ እንደሆነ ሕንፃው አይረከብ። አቡ ሹክሪን ራሱን ጠርታ አነበበችለት። «ይሄማ ሥራ ያበዛል» አለ ፊቱን አጨማዶ። «ግን ማጭበርበሪያ ቀዳዳ የለውም። ምነው ቀድሞ እንዲህ በተባልሁ?»

የመጨረሻው ስብሰባ በግንቦት ሆነ። ዶክተር ሙንዚር ረቂቁን ቀትር ላይ ለሚኒስትሩ አስረክባለሁ ብለው ቃል ገብተዋል፤ ትምህርት ቤት የሚለው ቃል የሌለበትን ረቂቅ። በዚያ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሮቶም እንደ ሰፈሩ ሁሉ ደርቆ ነበር። ሌላ ጊዜ ሲደርቅ ለቦቴው ሰው የምትደውለው ሪሃብ ናት፤ የውሃ ነገር የአንቺ ነው ብለው ከጣሉባት ቆይቷል። ጠዋት ጽዳት የሚሠሩት ኡም ሰነድ መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ጠብታ የለም። አልደወልሽም እንዴ?»

«ዛሬ አይደወልም፣ ኡም ሰነድ።»

«ታዲያ ሽንት ቤቱን ልቆልፈው ነው። በአንድ ሰዓት ይገማል።»

«ይቆልፉት።»

«ስብሰባ አለ አይደል? እነዚያ ሁሉ ወንዶች…»

«አለ። በጄሪካን ያስቀመጡት ውሃ አለ አይደል? ሻይ ያፍሉ። ናና ያብዙበት። ብርጭቋቸው ባዶ ሆኖ እንዳላይ።»

ኡም ሰነድ ትክ ብለው አዩዋት። እሳቸውም የዘርቃ ልጅ ናቸው። ቁልፉን ሊያመጡ ሄዱ።

ቀኑ ይፋጅ ነበር። ሻዩ ጣፈጠ። ስለ ሆቴሎች ሲነበብ አንዴ ተቀዳ፣ ስለ ቢሮዎች ሲነበብ ተደገመ፤ ዶክተር ሙንዚር ሻይ ወዳጅ ናቸውና ለእሳቸው ተሰለሰ። ሪሃብ እጇን አጣምራ ጠበቀች። አንድ አባል ወጣ፣ ተመለሰ። ሌላው ወጣ፣ ተመለሰ። ሰዎቹ ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። በመጨረሻ ዶክተሩ «አንድ ጊዜ» ብለው ወጡና ወዲያው ፊታቸው ቀልቶ ገቡ።

«በሩ ተቆልፏል።»

«አዎ» አለች ሪሃብ። «ውሃ የለም። ውሃ ከሌለ ይቆለፋል።»

«ቦቴስ?»

«አልደወልሁም።»

«መስጊዱ…»

«የኛው መስመር ላይ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ደርቋል። መኪና አስነሥተው ቤትዎ መሄድ ይችላሉ፤ ማንም አያስርዎትም። ሚኒስትሩ ግን ይጠብቃሉ። ይቀመጡ ዶክተር፣ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ።»

ሻዩን የነካው የለም። ብርጭቆዎቹን ሁሉም በእጁ ጀርባ ገፋ ገፋ አደረገ። ሪሃብ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምታውቀው እንቅስቃሴ ነው። ብድግ ብላ አንቀጿን ማንበብ ጀመረች። ጎማው፣ ቧንቧው፣ መግጠሚያው፣ የቀለም ሙከራው። ቀስ ብላ ነው ያነበበችው፤ እሷ አልቸኮለችም። ይዞ መዋልን በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ የተማረች ናት።

«ይሄ ማስገደድ ነው!» አሉ ዶክተር ሙንዚር፣ እግራቸውን አጣምረው። ለስላሳው ድምፅ ጠፍቷል። «አንቺ ሴት፣ እኛ ሕፃናት ነን እንዴ?»

«አይደላችሁም። ሕፃናት ብትሆኑማ ዝም ብላችሁ በለመዳችሁ።»

ከጤናው ዘርፍ የመጣው ተወካይ በስብሰባ ላይ ብዙ የማይናገር፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰው ነው። ጠረጴዛውን እያየ ጀመረ።

«የኔ ልጅ ዘርቃ አጠገብ፣ ሩሰይፋ ነው የምትማረው» አለ። «ቤታችን በር ላይ ሎሚ አለን። ባለፈው ከትምህርት ቤት ስትመጣ ኮዳዋን ከፍታ እሱ ሥር ስትደፋው ያዝኋት። ሙሉ ኮዳ። ሰው ውሃ አጥቶ አንቺ ታባክኛለሽ ብዬ በጥፊ መታኋት።» ብርጭቆውን አዞረው። «ለምን እንደደፋችው አልጠየቅኋትም። አልቅሳ እንኳን አልነገረችኝም።»

ሪሃብ ወረቀቷን አስቀመጠች። ስለ ወይራው ለማንም ነግራ አታውቅም። ዓይኗ እንባ ሲያቀር በሱም ተናደደች።

«እኔ አንቀጹን ደግፌያለሁ» አለ ሰውየው። «ትምህርት ቤቶቹ ይግቡ።»

እጆች አንድ በአንድ ተነሡ። አንዱ አፍሮ፣ አንዱ ጨንቆት፣ አንዱም ምናልባት የራሱን ልጅ ኮዳ አስቦ። የዶክተር ሙንዚር እጅ መጨረሻ ላይ ተነሣ። ፈረሙና እስክሪብቶውን ወረወሩት።

«ነውር ነው የሠራሽብን፣ ኡም ገይስ። በዚህ ዕድሜያችን።»

«ነውር ነው» አለች። «ለእናንተ አንድ ረፋድ ነው፣ ዶክተር። ለእነሱ ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው።»

ከዚያ ስልኳን አንሥታ ለቦቴው ሰው ደወለች።

ቦቴው ሲመጣ ኡም ሰነድ በሩን ከፈቱ፤ ዶክተሩ ኮሪደሩን ሲሮጡ ያየ ሰው ሽማግሌ ናቸው አይልም። ኡም ሰነድ ብርጭቆዎቹን ሰብስበው ሲመለሱ ለሪሃብ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዘውላት መጡ።

«ጠጪ እንጂ ልጄ። አለቀ እኮ።»

«ያለቀው ወረቀቱ ነው» አለች ሪሃብ። «ወረቀት ላይ አይሸናም። የረውዳ በር ሲከፈት ሄጄ እዚያው እጠጣለሁ።»

ቦርሳዋን አንሥታ ደረጃውን ወረደች፤ የዘርቃ አውቶቡስ ውስጥ ሙቀቱ ያፍን ነበር። ቤቷ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታደርግ እንደነበረው ቆማ ሁለት ብርጭቆ አከታትላ ጠጣች።